«ባክቴሪያዎች» ማለት ስሕተት ነው?

ጥያቄ፦ ስለ ባሕር ወፎች ቅማል የተጻፈ ነገር እየተረጎምኩ ነው። «በቅማሎቹ ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች» ብዬ ጻፍኩ። አርታዒዬ «ባክቴሪያ ራሱ ብዙ ቁጥር ነው፤ ‹ተሐዋስያኖች› በል» ብሎ ሰረዘብኝ። ማናችን ነን ልክ?

መልስ፦ እርስዎ ነዎት። አርታዒዎ ከአንዱ ድርብ ብዙ ሸሽተው ሌላው ላይ ወደቁ! ነጠላው ተሐዋሲ፣ ብዙው ተሐዋስያን ነው። ግእዙ አብዝቶ ጨርሷል፤ «ኦች» ምን ሊያደርግ ይመጣል?

«የውጭ ቃል የራሱን ሕግ ይዞ ይግባ» የሚሉ አሉ። አልስማማም። በላቲኑ ነጠላው ባክቴሪየም ነው፣ እሺ። እኛ ግን «አንድ ባክቴሪያ» ብለን ነው የተቀበልነው። የገባበት ቤት ደንብ ይገዛዋል።

የቃሉ ሥር ግሪክ ነው፤ «ትንሽ በትር» ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1828 ለሳይንስ ስም ያደረገው ጀርመናዊው ኤረንበርግ ነው። ይህ ሰው ከጓደኛው ከሄምፕሪች ጋር ቀይ ባሕርን ዞሯል። ሄምፕሪች በ1825 ምጽዋ ላይ ሞቶ ቀረ። አንድ የቀይ ባሕር ወፍ ዛሬም በሳይንሳዊ ስሙ «ሄምፕሪኪ» ይባላል። ከጥያቄው ወጣሁ መሰለኝ። ግን የባሕር ወፍና ባክቴሪያ እንዲህ ሲገናኙ ዝም ብሎ ማለፍ አልሆነልኝም።

ባክቴሪያውን «ተውሳክ» እንዳይሉት ደግሞ ይጠንቀቁ። ወሰከ ማለት ጨመረ ነው፤ ተውሳክ ጭማሪ። «ተውሳከ ግሥ» የምንለውም ከዚሁ ነው። ዛሬ ግን ቃሉን የምንሰማው ለጎጂ ነገር ነው። ቅማሉ ለወፉ በርግጥ ተውሳክ ነው፤ ፔሊካን መንቆር ሥር ባለው ከረጢት ውስጥ የሚኖር ዓይነት እንኳ አለ። ባክቴሪያውስ ለቅማሉ? የሰው ቅማል ከደም በበቂ የማያገኘውን ቫይታሚን ቢ5 የሚያዘጋጅለት በውስጡ ያለው ባክቴሪያ ነው። ላባ የሚበሉ ቅማሎችም በእንቁላላቸው በኩል ለልጆቻቸው የሚያወርሷቸው ባክቴሪያዎች አሏቸው። ይህ «አብሮ አደር» ቢባል ይሻላል።

«ተሐዋስያኖች» ግን፣ ሳልወድ ልመን፣ አሸንፏል። «ቅዱሳኖች»ና «መላእክቶች» መንገዱን ጠርገውለታል። ዜና አንባቢው ይለዋል፣ መምህሩ ይለዋል። እኔ አልጽፈውም። «ባክቴሪያዎችን ፈቅደህ ይህን ለምን ትከለክላለህ?» ቢሉኝ፣ ግእዙን ስለማውቀው ጆሮዬን ይቆረቁረኛል ከማለት በቀር መልስ የለኝም።