ብሪዮና ቴይለር፦ ስለዚያች ሌሊት ለጠየቃችሁኝ

አሜሪካ ውስጥ በቤቷ እያለች በፖሊስ ጥይት ስለተገደለችው ብሪዮና ቴይለር ከጠየቃችሁኝ የቻልኩትን መልሻለሁ። ጉዳዩን ከመጀመሪያው ስለተከታተልኩት ዛሬም ሳነሳው ያንገበግበኛል።

ጥያቄ፦ ለማናውቀው፣ ምን ሆነ?

እ.ኤ.አ. ማርች 13 ቀን 2020፣ ኬንታኪ ግዛት፣ ሉዊቪል ከተማ። ብሪዮና የ26 ዓመት ወጣት ነበረች፤ በሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ትሠራ ነበር። ከሌሊቱ 6:40 ገደማ ከፍቅረኛዋ ጋር ተኝተው ሳለ በሩ ተደበደበ። «ማን ነው?» ብለው ቢጮኹም መልስ እንዳልሰሙ እርሱ ተናግሯል። በሩ ተሰበረ። ሌባ መጣብን ብሎ ፈቃድ ባለው ሽጉጡ አንድ ጥይት ተኮሰ፤ አንድ ሳጅን ጭኑን ተመታ። ሦስት ፖሊሶች በድምሩ 32 ጥይት ተኮሱ። ብሪዮና መተላለፊያው ላይ ወደቀች። ፍቅረኛዋ የአስቸኳይ ጥሪ ቁጥር ወደሆነው 911 ደውሎ እያለቀሰ የተናገረው ተቀድቷል፦ በሩን በርግዶ የገባ ሰው ፍቅረኛዬን ተኩሶ መታት ይላል። የገቡት ፖሊሶች መሆናቸውን ቢያውቅ ኖሮ ፖሊስ ይድረስልኝ ብሎ ይደውል ነበር?

ጥያቄ፦ ፖሊሶቹ አንኳኩተናል ይላሉ።

ዳኛ የሰጠው የብርበራ ትእዛዝ ሳያንኳኩ እንዲገቡ ይፈቅድ ነበር፤ እነርሱ ግን አንኳኩተን ማንነታችንን ተናግረናል ብለዋል። ከጎረቤቶች ብዙዎቹ አልሰማንም ሲሉ፣ ሰማሁ ያለው አንድ ነው። የተኩሱን ቅጽበት የቀረጸ ካሜራ አልተገኘም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ለመሆኑ ፖሊስ ከእርሷ ቤት ምን ፈለገ?

ዋናውን ጠየቅህ ልጄ። የሚፈለገው በዕፅ ንግድ የተጠረጠረ የቀድሞ ወዳጇ ነበር። እርሱ በዚያው ሌሊት ሌላ ሰፈር ተያዘ፤ ከእርሷ ቤት ዕፅ አልተገኘም። የብርበራ ትእዛዝ ለመጠየቅ ለዳኛ የቀረበው ቃለ መሐላ፣ ሰውየው በእርሷ አድራሻ ጥቅል እንደሚቀበል በፖስታ ቤት መርማሪ ተረጋግጧል ይላል። ውሸት ነው፤ የተረጋገጠ ነገር አልነበረም። በዚህ ሰነድ ጉዳይ ከተከሰሱት አንዷ መርማሪ ፖሊስ በ2022 ጥፋተኛ ነኝ ብላ አምናለች።

ሁሉም ስለ በሩና ስለ ጥይቱ ይከራከራል። እኔን የሚያስቆጨኝ ያ አንድ መስመር ነው፤ ባይጻፍ ኖሮ በዚያች ሌሊት ደጇን የሚረግጥ አልነበረም። በ2024 ግን አንድ የፌዴራል ዳኛ ለሞቷ ሕጋዊ ምክንያቱ የፍቅረኛዋ ተኩስ እንጂ የትእዛዙ ጉድለት አይደለም አሉ። ሊዋጥልኝ አልቻለም።

ጥያቄ፦ ታዲያ ማን ተቀጣ?

ብሬት ሃንኪሰን የተባለው ፖሊስ። ከውጭ ሆኖ በተሸፈነ መስኮትና በር 10 ጥይት ተኩሷል፤ አንዱም እርሷን አላገኘም፤ ነፍሰ ጡርና ሕፃን ወደነበሩበት የጎረቤት ቤት ያለፉ ግን ነበሩ። ግዛቱ በ2020 የከሰሰው ጎረቤቶቹን ለአደጋ አጋልጧል ብሎ እንጂ በእርሷ ሞት አልነበረም፤ ከዚያም ነጻ ወጣ። በ2024 በፌዴራል ፍርድ ቤት የእርሷን የሲቪል መብት በመጣስ ጥፋተኛ ተባለ። በጁላይ 2025 ዐቃቤ ሕግ የአንድ ቀን እስራት ሲጠይቅለት፣ ዳኛዋ 33 ወር ፈረዱበት። ጥይታቸው እርሷን ያገኘው ፖሊሶች በግድያዋ አልተከሰሱም።

ጥያቄ፦ ካሳስ?

ከተማው ለቤተሰቧ 12 ሚሊዮን ዶላር ከፍሏል።

ጥያቄ፦ እኔም አሜሪካ ነኝ። በሌሊት በሬ ቢደበደብ ምን ላድርግ?

ሉዊቪል ሳያንኳኩ መግባትን በጁን 2020 በስሟ በተሰየመ ሕግ ከልክላለች፤ በሁሉም ቦታ ግን አልተከለከለም። በ2022 በሚኒያፖሊስ የ22 ዓመቱ አሚር ሎክ ሶፋ ላይ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ሳለ ፖሊስ ከገባ በኋላ ከ10 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ተገድሏል። እህቴ፣ ጊዜ ከሰጡሽ 911 ደውለሽ ፖሊስ ልከው እንደሆነ ጠይቂ፤ የትእዛዙን ወረቀት በበሩ ሥር እንዲያሳልፉልሽ ጠይቀሽ አድራሻውንና የዳኛውን ፊርማ እዪ። ከገቡ እጅሽ ይታይ።

ጥያቄ፦ እናቷ እንዴት ሰማች?

በዚያው ሌሊት ወደ ቤቱ ሮጣ መጣች። ሆስፒታል ሂጂ አሏት። ወደ ሁለት ሰዓት ያህል ከጠበቀች በኋላ እንዲህ የምትባል ታካሚ የለችም ተባለች። ተመልሳ እስኪረፍድ ድረስ ደጅ ቆመች። ልጇ ከቤቱ አልወጣችም ነበር።