የብላክ ሳባቱ ጊታሪስት ቶኒ አዮሚ፦ ጥያቄና መልስ

ብላክ ሳባት ስለተባለው የእንግሊዝ የሮክ ሙዚቃ ቡድን ጊታሪስት፣ ስለ ቶኒ አዮሚ ሕይወትና ስለ አጨዋወቱ ጥያቄ ያላችሁ እንድትጠይቁ በጋበዝኩት መሠረት የደረሱኝን፣ ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌ፣ ከዚህ በታች መልሻለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጣቶቹን ያጣው በሥራው የመጨረሻ ቀን ነው የሚባለው እውነት ነው ወይስ ለታሪኩ ማሳመሪያ የተጨመረ?

እውነት ነው፤ እሱ ራሱ በግለ ታሪኩ ጽፎታል። በ1948 በበርሚንግሃም የተወለደው አዮሚ በ17 ዓመቱ በከተማው በሚገኝ አንድ የብረታ ብረት ፋብሪካ በብየዳ ሥራ ተቀጥሮ ይሠራ ነበር። ከአንድ የሙዚቃ ቡድን ጋር ወደ ጀርመን ለመሄድ ተስማምቶ ስለ ነበር ሥራውን ለቀቀ። በመጨረሻው ቀን ለምሳ ቤቱ ሲገባ ተመልሶ ላለመሄድ አስቦ ነበር፤ እናቱ ግን ቀኑን በአግባቡ እንዲጨርስ ነግራ መለሰችው። ከሰዓት በኋላ ብረት መጭመቂያው ላይ ዘወትር የምትሠራው ሴት ባለመምጣቷ፣ ማሽኑን ጨርሶ የማያውቀው ወጣት በእሷ ቦታ ተመደበ። ማሽኑ ቀኝ እጁ ላይ ወረደ፤ በድንጋጤ እጁን መንጭቆ ሲያወጣም የመካከለኛው ጣቱና የቀለበት ጣቱ ጫፎች ተቆረጡ። ግራኝ በመሆኑ ክሮቹን የሚጫነው በዚያው በቀኝ እጁ ነበር።

ጥያቄ፦ ታዲያ ከዚያ በኋላ እንዴት መጫወት ቻለ?

ሐኪሞች ጊታርን እንዲረሳው ነግረውት ነበር። ሐሳቡን ያስለወጠው የፋብሪካው የሥራ ኃላፊ ነው። አንድ ቀን ሊጠይቀው መጥቶ ሸክላ አጫወተለት፤ አዮሚ በጨዋታው ከተደነቀ በኋላ፣ ተጫዋቹ በ1928 በደረሰ የእሳት ቃጠሎ የግራ እጁ ሁለት ጣቶች ተጎድተውበት በቀሩት ጣቶች ይጫወት የነበረው የጃዝ ጊታሪስት ጃንጎ ራይንሃርት መሆኑን ነገረው።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የእጅ ባለሙያ ሥራ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። አዮሚ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ የሚያዝበትን የፕላስቲክ ጠርሙስ አቅልጦ አድቦለቦለው፤ በጋለ ብረት ጣቱ የሚገባበትን ቀዳዳ አበጀለት፤ ከዚያም ጣት እስኪመስል ድረስ በብርጭቆ ወረቀት እየፈተገ ቀረጸው። ፕላስቲኩ በክሩ ላይ ስለሚያንሸራትት ከአሮጌ ጃኬት ቆዳ ቆርጦ ለጠፈበት። እንዲህ ያሉ የጣት ቆቦችን እስከ ዛሬ ድረስ ይጠቀማል። ይሁንና በቆብ የተሸፈነ ጣት ክሩን ሊዳስስ ስለማይችል፣ ምን ያህል እንደተጫነ የሚያውቀው በጆሮው ነው። ወፍራም ክር መጫን ስለሚከብደውና ቀጫጭን የጊታር ክር በወቅቱ ገበያ ላይ ስላልነበረ ደግሞ ባንጆ የተባለውን ጊታር መሰል መሣሪያ ክር ገዝቶ በጊታሩ ላይ ወጠረ።

ጥያቄ፦ ያንን ከባድ ድምፅ የፈጠረው ጉዳቱ ነው ማለት ይቻላል?

በከፊል ብቻ። ብዙዎች እንደሚሉት፣ ክሮቹ እንዲላሉለት ጊታሩን ዝቅ አድርጎ ስለቃኘ ሄቪ ሜታል፣ ማለትም ከባድ ድምፅ ያለው የሮክ ሙዚቃ ዓይነት፣ ተወለደ የሚለው ትረካ የጊዜ ቅደም ተከተሉን ያፋልሳል። ጊታሩን በሦስት ግማሽ ድምፅ ዝቅ አድርጎ የቀረጸው በ1971 በወጣው በሦስተኛው አልበም፣ በ«ማስተር ኦፍ ሪያሊቲ» ነው። ቡድኑ ዝነኛ የሆነባቸውና ሁለቱም በ1970 የወጡት የመጀመሪያዎቹ አልበሞች ግን በአብዛኛው በተለመደው ቅኝት የተቀረጹ ናቸው፤ ክብደታቸውም ያነሰ አይደለም። በእኔ ግምት ምስጢሩ በአቀነባበሩ ላይ ነው። አዮሚ አንድን አጭር የጊታር ሐረግ፣ ማለትም ሪፍ፣ እንደ ማጀቢያ ሳይሆን እንደ ዘፈኑ ዋና አካል ይወስደዋል፤ ብዙ ጊዜ ዘፈኑ የሚጀምረው ከሪፉ ነው፣ ድምፃዊው ኦዚ ኦስቦርንም ዜማውን በዚያ ላይ ያኖራል። የጊዘር በትለር ቤዝ ጊታርም ያንኑ ሐረግ ከሥር ተከትሎ ስለሚሄድ ሁለቱ እንደ አንድ ትልቅ መሣሪያ ይሰማሉ። ጉዳቱ እጁን ገደበው፤ ሐሳቡ ግን የራሱ ነው።

በነገራችን ላይ፣ ከስሙ ጋር የተቆራኘው ጊብሰን ኤስጂ ጊታርም የመጣው በአጋጣሚ ነው። በ1969 የመጀመሪያው አልበም በአንድ ቀን ሲቀረጽ፣ ይዞት የገባው ስትራቶካስተር የተባለ ሌላ ጊታር ገና አንድ ዘፈን እንደተቀረጸ ስለተበላሸበት በመጠባበቂያነት ያመጣውን ኤስጂ አነሳ።

ጥያቄ፦ ሙዚቃቸው ሰይጣናዊ ነው፣ የተጠቀሙበትም ድምፅ በጥንት ዘመን በቤተ ክርስቲያን የተከለከለ ነው ይባላል። ምን ይላሉ?

የሚባለው ድምፅ ትራይቶን፣ ማለትም በሦስት ሙሉ ድምፅ የሚራራቁ የሁለት ኖታዎች ርቀት፣ ነው። በቡድኑ ስም በተሰየመው ዘፈን መግቢያ ላይ ጊታሩ ጂ የተባለውን ኖታ ይመታል፣ በአንድ ኦክታቭ ከፍ ያለውን ጂ፣ ማለትም ያንኑ ኖታ በቀጭን ድምፅ፣ ይደግማል፣ ከዚያም ወደ ሲ ሻርፕ ወርዶ ክሩን እያርገበገበ ይቆያል። በጂና በሲ ሻርፕ መካከል ያለው ርቀት ነው ጆሮን የሚያስጨንቀው። የመካከለኛው ዘመን ሙዚቀኞች ይህን ርቀት ይሸሹት እንደነበር እውነት ነው፤ ቤተ ክርስቲያን በሕግ ከለከለችው ለሚለው ግን ማስረጃ የለም። በእኛ አንቺሆዬ ቅኝት ውስጥም ይኸው ርቀት ይገኛል፤ ማንም ሰይጣናዊ ብሎት አያውቅም። የቡድኑን ስም በተመለከተ፣ የተወሰደው ከአንድ አስፈሪ ፊልም ነው። አንገታቸው ላይ የሚያጠልቋቸውን የብረት መስቀሎች ደግሞ መጀመሪያ የሠራላቸው የኦዚ አባት ነው።

ጥያቄ፦ ጄትሮ ታል ከተባለው የሮክ ቡድን ጋር ተጫውቶ ያውቃል?

አዎ፣ በ1968 መጨረሻ፣ ለጥቂት ሳምንታት ብቻ። ከእነሱ የተማረው ጠዋት በሰዓቱ ተነስቶ መለማመድን ነው፤ ሲመለስም የራሱን ጓደኞች በዚያው ሥርዓት ያዛቸው።

ጥያቄ፦ ኦዚ ከወጣ በኋላ ቡድኑን ለምን አላፈረሰም?

ኦዚ በ1979 ሲባረር በምትኩ የገባው ሮኒ ጄምስ ዲዮ ሲሆን፣ በ1980 የወጣው «ሄቨን ኤንድ ሄል» ቡድኑን እንደገና አስነሳው። ከዚያ በኋላ የነበሩት ዓመታት ግን የተዘበራረቁ ናቸው። ድምፃዊና ድራመር በየጊዜው ሲቀያየር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳይለይ የቆየው አዮሚ ብቻ ነው። የ1986ቱን አልበም በግል ሥራነት ቢያስበውም፣ አሳታሚው ስለጫነው በቡድኑ ስም ወጣ። ያ ውሳኔ ቡድኑንም እሱንም ጎድቷል ብዬ አምናለሁ።

ጥያቄ፦ አሁን በምን ሁኔታ ላይ ነው?

በ2012 መጀመሪያ ሊምፎማ የተባለው ካንሰር እንደያዘው ተነገረው። እየታከመ የሠራው «13» የተሰኘው አልበም በ2013 በብሪታንያ የሽያጭ ሠንጠረዥ አንደኛ ሆነ፤ ከ1970ው «ፓራኖይድ» ወዲህ ይህ ሲሆን የመጀመሪያው ነበር። የስንብት ጉዟቸውን በየካቲት 2017 በበርሚንግሃም አጠናቀቁ። ሐምሌ 5 ቀን 2025 በዚያችው ከተማ በቪላ ፓርክ ስታዲየም ከኦዚ፣ ከበትለርና ከድራመሩ ቢል ዋርድ ጋር አንድ ጊዜ እንደገና መድረክ ላይ ወጣ፤ ኦዚ ከ17 ቀናት በኋላ አረፈ።

ጥያቄ፦ ለጀማሪ ጊታሪስት ከየትኛው አልበም ልጀምር?

ከ«ማስተር ኦፍ ሪያሊቲ»። ሪፎቹ ዘገም ያሉ ስለሆኑ ለጀማሪ እጅ አይከብዱም፤ ጊታራችሁን ግን አስቀድማችሁ ዝቅ አድርጋችሁ ቃኙት።