ስለ ቀይ ዶግውድ፦ ጥያቄና መልስ

ሚኒሶታ ውስጥ ዛፉ ሁሉ ተራቁቶ ምድሩ በረዶ ሲለብስ፣ በየወንዙ ዳርና በየረግረጉ ደም መስሎ የሚታየው ቁጥቋጦ ዶግውድ ነው። የአገሩ በቀል ነውና ብርዱን ችሎ ያድራል። በግቢያችሁ ለተከላችሁትና ልትተክሉት ላሰባችሁ፣ የምችለውን እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ስንተክለው ፍም ይመስል ነበር፤ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን ግራጫ ሆነብን። በሽታ ይሆን?

መልስ፦ እርጅና ነው እንጂ በሽታ አይመስለኝም። ደማቁ ቀለም የወጣት ቅርንጫፍ ነው፤ ግንዱ ሲያረጅ ቅርፊቱ ይሻክርና ይደበዝዛል። ስለዚህ ሳትሳሱ ቁረጡ! በማርች መጨረሻ፣ እምቡጡ ሳይፈነዳ፣ ቁጥቋጦውን ከሥሩ ገለጥ አድርጋችሁ እዩት። አውራ ጣት የሚያህሉትን ሻካራ ግንዶች ለይታችሁ፣ ከጠቅላላው አንድ ሦስተኛውን ከመሬት አስጠግታችሁ አንሱ። ብዙ ሰው ጫፍ ጫፉን ብቻ ይከረክማል፤ ይህ ተክሉን ይጎዳዋል፤ አሮጌው ግንድ እንዳለ ይቀርና ላዩ ብቻ መጥረጊያ ይመስላል። በየዓመቱ ከሥር ካነሳችሁለት ግን በሦስት ዓመት ውስጥ ሁለመናው ይታደሳል።

ጥያቄ፦ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ብቆርጠውስ?

መልስ፦ ሥሩ ከጠነከረ ይችለዋል፤ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል አስቀሩለት። ሆኖም በዚያ ዓመት አበባም ፍሬም አይኖረውም። ነጩን ፍሬ ወፎች በጣም ስለሚወዱት፣ እኔ ሁልጊዜም የምመርጠው አንድ ሦስተኛውን ማንሳት ነው። በመከር ግን እባካችሁ አትግረዙ፤ የበረዶውን ወራት የሚያደምቅላችሁን ቀለም ቆርጣችሁ መጣላችሁ ነው።

ጥያቄ፦ ጥላ ቦታ ይሆነዋል?

መልስ፦ ይኖራል፤ አይደምቅም። ፀሐይ ስጡት።

ጥያቄ፦ የግቢያችን ጥግ ውኃ ይቋጥራል፤ ብዙ ተክል በስብሶብናል።

መልስ፦ እንግዲያው ቦታውን አገኘ! እርጥብ አፈር ይስማማዋል፣ ሥሩም አፈሩ እንዳይሸረሸር አጥብቆ ይይዛል። ቁመቱም ስፋቱም ከ2 ሜትር ስለሚያልፍ ከአጥር አርቁት። ቦታ ከጠበባችሁ «አርክቲክ ፋየር» የሚባለውን አጭር ዓይነት ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ከጎረቤቴ ቅርንጫፍ ወስጄ ማባዛት እችላለሁ?

መልስ፦ በደንብ ይበቅልልዎታል፣ እህቴ። ቅጠሉ ከረገፈ በኋላ የእርሳስ ውፍረት ያለውን የዘንድሮ ቅርንጫፍ 25 ሳንቲ ሜትር ያህል ይቁረጡ። እርጥብ አሸዋ ውስጥ፣ ቅዝቃዜ ባለበት ግን ውኃ በረዶ በማይሆንበት ጋራዥ ያቆዩት። በረዶው ቀልጦ አፈሩ ሲላላ፣ ከላይና ከታቹን ሳያምታቱ፣ ሁለት ሦስተኛውን ቀብረው ይትከሉት። በመጀመሪያው በጋ አፈሩ እንዳይደርቅበት።

ጥያቄ፦ ጥንቸልና አጋዘን እየጨረሱብን ነው።

መልስ፦ ለጋውን ቅርንጫፍ ይወዱታል። እስኪያድግ ድረስ ዙሪያውን በሽቦ አጥር ከልሉት።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ላለችው እናቴ ችግኝ ልውሰድላት?

መልስ፦ ይቅርብዎት። ቅጠሉን አርግፎ የሚያርፍበት ረጅም ብርድ ካላገኘ ውበቱ አይወጣም፤ ሕያው ተክልም ያለ ፈቃድና ያለ ጤና ምርመራ ወረቀት ወደ አገር አይገባም።