9 ሴንቲ የነበረው ዲዛይን ለምን 11.87 ሆኖ መጣ?

ሰላም እህቴ፣ ጥያቄሽን ከነፎቶዎቹ አይቼዋለሁ። ላላያችሁት በአጭሩ ልንገራችሁ። እህታችን የሰርግ ስጦታ ሳጥን ክዳን ላይ የሚለጠፍ፣ በጥለት ቅርጽ የተቦረቦረ ወርቃማ ወረቀት እየሠራች ነው። ክዳኑ 9 በ9 ሴንቲ ነው። ዲዛይኑን ኢንክስኬፕ በሚባለው የሥዕል ሶፍትዌር ላይ ልክ 9 ሴንቲ አድርጋ ሠራችው። በኤስቪጂ ፋይል አስቀምጣ የክሪከት መቁረጫ ማሽን ሶፍትዌር የሆነው ዲዛይን ስፔስ ላይ ስትጭነው ግን 11.87 ይላል። አንድ የግሩፓችን አባል «ወደ 75 ፐርሰንት አሳንሺው» አላት። አሳነሰች፣ ቆረጠች፣ ለጠፈች። ወረቀቱ አነሰና በክዳኑ ዙሪያ ነጭ ጠርዝ ታየ። «ማሽኑ ነው ወይስ ፋይሉ?» ብላ ጠይቃለች።

ፋይሉ ነው። የተመከርሽው ምክርም ልክ ነው። ችግሩ ግን አንድ ሳይሆን ሁለት ነው፤ ምክሩ የፈታው አንዱን ብቻ ነው።

እኔ ፒያሳ አካባቢ ትንሽ የካርድና የስቲከር ሥራ አለኝ። በሰርግ ሰሞን እንዲህ ዓይነት ፋይል የማይመጣበት ቀን የለም። አብዛኛው ሰው መጠኑ ሲዛባበት ጥጉን ይዞ በዓይኑ እየገመተ ይጎትታል። እባካችሁ ይሄ ነገር ይቅርባችሁ። ከመነካቱ በፊት የመጣውን ቁጥር ለሠራችሁበት ቁጥር አካፍሉ። ውጤቱ ጥፋቱ ከየት እንደመጣ ይነግራችኋል።

ኤስቪጂ ማለት ውስጡ ሲታይ ጽሑፍ ነው። በኖትፓድ ክፈቺውና የመጀመሪያዎቹን መስመሮች ተመልከቺ። ዊድዝ (ስፋት)፣ ሃይት (ቁመት) እና ቪውቦክስ (የሥዕሉ ክልል በቁጥር) የሚሉ ታገኛለሽ። ሥዕሉ ራሱ ቁጥር ብቻ ነው። ከቁጥሩ ስንቱ አንድ ኢንች እንደሚሆን የሚወስነው ፋይሉን የሚከፍተው ሶፍትዌር ነው። እዚህ ላይ ሶፍትዌሮቹ አይስማሙም። ኢንክስኬፕ በአንድ ኢንች 96 ፒክስል ይቆጥራል፤ የድረ ገጽ ደረጃው ይሄ ነው። ሌላው የሥዕል ሶፍትዌር ኢለስትሬተር ከማተሚያ ቤት ልማድ የመጣውን 72 ይዟል። ዲዛይን ስፔስም የሚያነበው በ72 ነው። 96 ለ72 ሲካፈል 1.333 ይሆናል። ስለዚህ የኢንክስኬፕ ሥራ እዚያ ሲገባ በሲሶ ያድጋል፤ 75 ፐርሰንት የሚባለውም መልሶ የሚያስተካክለው ቁጥር ነው።

አሁን ወደ አንቺ ቁጥር እንምጣ። 9 ሴንቲ በ1.333 ቢበዛ 12 መሆን ነበረበት። ያንቺ ግን 11.87 ነው። 11.87ን ወደ 75 ፐርሰንት ስታሳንሺው 8.9 ይመጣል። አንድ ሚሊ ጎደለች ማለት ነው። ነጩ ጠርዝ የመጣው ከእሷ ነው።

የት ሄደች? ሁለተኛው ፎቶሽ ላይ የመስመሩ ውፍረት 1 ሚሊ ይላል። ኢንክስኬፕ ሲጫን ጀምሮ ስፋት የሚለካው መስመሩን ጨምሮ፣ ከውጭ ጠርዝ እስከ ውጭ ጠርዝ ነው። ውፍረቱ ግማሹ ከፓዙ (በመስመሩ መሐል ከሚያልፈው የቅርጹ መንገድ) ወደ ውጭ፣ ግማሹ ወደ ውስጥ ነው የሚያርፈው። ስለዚህ ስፋቱ ላይ 90 ሚሊ ብለሽ ስትጽፊ ፓዙ ራሱ 89 ሆነ። የማሽኑ ምላጭ ደግሞ ስለ መስመር ውፍረት ግድ የለውም፤ የሚከተለው ፓዙን ብቻ ነው። ስለዚህ 89 ቆረጠልሽ።

መፍትሔው ቀላል ነው። ኢንክስኬፕ ላይ ፕሪፈረንስስ ውስጥ ግቢና ቱልስ የሚለውን ንኪ። ባውንዲንግ ቦክስ የሚለው ቦታ ቪዡዋል (መስመሩን ጨምሮ) ላይ ነው ያለው፤ ጂኦሜትሪክ (ፓዙን ብቻ) አድርጊው። ከዚያ በኋላ የምታዪው ቁጥር ምላጩ የሚሄድበት ነው። ካልሆነም መስመሩን አጥፍተሽ ቅርጹን በቀለም ብቻ ሙዪው። ኢለስትሬተር ላይ ተመሳሳይ ጣጣ የሚያመጣው ዩዝ ፕሪቪው ባውንድስ የሚባለው ምርጫ ነው፤ ምልክቱን አንሺው። አንዳንዱ ደግሞ መስመሩን ስትሮክ ቱ ፓዝ ያደርገዋል። እሱን ሳታስቢበት አታድርጊ። አንዱ መስመር ሁለት ይሆንና ማሽኑ ውስጡንም ውጩንም ይቆርጠዋል። ስስ ጥለት ላይ ወረቀቱ ክር ክር ሆኖ ይነሳል።

ለዚህ ሁሉ ስሌት ትዕግሥት ለሌለው ሰው የምሰጠው አንድ ዘዴ አለ። እኔ ራሴ ለማላውቀው ፋይል ሁሉ የማደርገው ይህንኑ ነው። ከዲዛይኑ ጎን፣ ሳይነካው፣ መስመር የሌለው 100 በ100 ሚሊ ካሬ ሥሪ። አብሮ ይቀመጥ፣ አብሮ ይጫን። ዲዛይን ስፔስ ላይ ካሬውን ብቻ ነክተሽ ስፋቱን እዪ። 10 ሴንቲ ካለ የፋይሉ ሚዛን ሰላም ነው፤ የመስመሩን ውፍረት ጣጣ ግን ካሬው አይነግርሽም። 13.33 ካለ ሁሉንም ምረጪና ግሩፕ አድርጊ፣ የመጠኑን ቁልፍ ቆልፊ፣ ካሬው 10 እስኪል ድረስ ሁሉንም አብረሽ አሳንሺ። ጎትተሽ አይደለም፤ ቁጥር ጽፈሽ። የሙሉ ግሩፑ ስፋት 32 ከሆነ በ0.75 አባዢና 24 ጻፊ። ከዚያ ካሬውን ሰርዢ። ቁልፉ ክፍት ከሆነ ስፋቱ ብቻ ይቀንስና ጥለቱ እንደተጨመቀ ይቀራል፤ ይሄ ደግሞ ዓይን ላይ ቶሎ አይታይም፣ ሲለጠፍ ነው የሚያጋልጠው።

ባለ ብዙ ቀለም ሥራ ካለሽ ካሬው ይበልጥ ይጠቅምሻል። ወርቃማውን ለብቻ፣ ነጩን ለብቻ በሁለት ፋይል ካስቀመጥሽ፣ ዲዛይን ስፔስ እያንዳንዱን በሥዕሉ ጫፍ ልክ ነው የሚያየው። ባዶውን ገጽ አይቆጥርም። ስለዚህ ሁለቱ መደራረብ እምቢ ይላሉ። በሁለቱም ፋይል እኩል ቦታ ላይ ያንኑ ካሬ ብታስገቢ ካሬ በካሬ ላይ ታስቀምጫቸዋለሽ። ቢቻል ግን በአንድ ፋይል አድርጊው፣ ጣጣ የለውም።

የመጣውን ለሠራሽበት ስታካፍዪ ሌሎች ቁጥሮች ሲያጋጥሙሽ ደግሞ እንዲህ አንብቢያቸው። 1.25 ከወጣ ፋይሉ የተሠራው በአሮጌ ኢንክስኬፕ ነው። እስከ ስሪት 0.91 ድረስ በኢንች 90 ነበር የሚቆጥረው። በፈረንጆቹ 2017 መጀመሪያ የወጣው ስሪት 0.92 ነው ወደ 96 የቀየረው። አሮጌውን ፋይል በአዲሱ ስትከፍቺ የሚመጣውን ጥያቄ ሳታነቢ አትዝለዪው፣ መጠኑን የሚያስተካክልልሽ እሱ ነው። 0.75 ካየሽ ደንበኛሽ ኢለስትሬተር ላይ የሠራውን አንቺ ኢንክስኬፕ ላይ ከፍተሻል፤ 10 ሴንቲው 7.5 ሆኖ ይታይሻል። የሚያስቀው ነገር፣ ያንኑ ፋይል ሳትነኪው ዲዛይን ስፔስ ላይ ብትጭኚው ልክ 10 ሆኖ ይመጣል። መሐል ላይ «አነሰ» ብለሽ ካሳደግሽው ነው የሚበላሸው። 25.4 ከወጣ ደግሞ ሚሊው ኢንች ተብሎ ተነቧል ማለት ነው። ይሄ በብዛት ዲኤክስኤፍ የሚባለው ሌላ የሥዕል ፋይል ዓይነት ጠባይ ነው።

ምንም የማይገናኝ ቁጥር ከመጣ፣ ለምሳሌ 3.07፣ ፋይሉ መጠን አልያዘም ብለሽ ጠርጥሪ። ኢለስትሬተር ኤስቪጂ ሲያወጣ ሬስፖንሲቭ የሚል ምልክት አለ። ካልተነሳ ዊድዝና ሃይቱን ይጥላቸውና ቪውቦክሱን ብቻ ይተዋል። ለድረ ገጽ ጥሩ ነው፣ ለመቁረጥ አይሆንም።

ሲልዌት የሚባለውን መቁረጫ ማሽን የምትጠቀሙ፣ ነፃው ስቱዲዮ (የማሽኑ ሶፍትዌር) ከውጭ የመጣ ኤስቪጂ ስለማይከፍት በዲኤክስኤፍ ነው የምትሠሩት። ከኢንክስኬፕ አር 14 የሚለውን ስታወጡ መለኪያውን ይጠይቃችኋል፤ ሚሊ በሉት። ስቱዲዮው ውስጥም ሲከፍት ገጹን እንዲሞላ የሚያደርግ ምርጫ አለ፤ እንዳለ ይምጣ የሚለውን ምረጡ። ካሬዋን ማስገባት እዚህም አትርሱ።

የስቲከር ፕሎተር (ስቲከር መቁረጫ ማሽን) ያላችሁ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። ለፕሎተር ትዕዛዝ የሚላክበት ቋንቋ ኤችፒጂኤል በኢንች 1016 ነው የሚቆጥረው፣ አንዱ ነጥብ 0.025 ሚሊ ይሆናል። የሚልከው ሶፍትዌርና ማሽኑ እዚህ ቁጥር ላይ ካልተስማሙ የቀረውን ብታስተካክሉ ዋጋ የለውም።

በአማርኛ ጽሑፍ ለምትሠሩ፣ ስም ያለበት ካርድ ከሆነ ፊደሉን ወደ ፓዝ ሳትቀይሩ አትላኩ። ሌላ ኮምፒውተር ላይ ያ ፎንት ከሌለ በሌላ ይተካና ስፋቱ ይለወጣል። የሙሽሮቹ ስም ከአበባው ወጥቶ የሄደ ካርድ አይተናል። እና ደግሞ፣ ዲዛይን በቴሌግራም ስትቀበሉ ፋይል አድርጎ እንዲልክላችሁ ንገሩት። በፎቶ የመጣ ነገር መጠኑን የት ያውቀዋል?

ስክሪኑ ላይ ልክ ሆኖ ሲቆረጥ ብቻ ከተዛባ፣ ያኔ ማሽኑን ተጠራጠሪ። ተራ ወረቀት ላይ 10 ሴንቲ ካሬ ቁረጪና በብረት ማስመሪያ ለኪ። የልብስ ሰፊ ሜትር አይሆንም፣ ይለጠጣል። አንዱ ጎን ብቻ ካጠረ አብዛኛውን ጊዜ ወረቀቱ ማቱ (ወረቀቱ የሚለጠፍበት የማሽኑ ምንጣፍ) ላይ ተንሸራቶ ነው፤ ማቱ አርጅቶ ማጣበቂያው አልቋል። መርካቶ ድረስ ሄደሽ የገዛሽውን ወርቃማ ወረቀት በዚህ አታባክኚው። ሌላው፣ ትንሹ ማት 12 በ12 ኢንች ቢሆንም ማሽኑ የሚቆርጥልሽ 11.5 በ11.5፣ ማለትም 29.2 ሴንቲ ገደማ ነው። 30 ሴንቲ የሆነ ዲዛይን ይዘሽ ብትታገዪ አይሆንልሽም።

ላንቺ የምለው እንግዲህ፣ የቆረጥሽውን ፋይል ተዪውና ኦሪጅናሉን ክፈቺ። ባውንዲንግ ቦክሱን ጂኦሜትሪክ አድርጊ፣ ስፋቱን እንደገና 90 ሚሊ ጻፊ፣ ካሬዋን ጨምሪ፣ ጫኚ። የዲዛይኑ ስፋት ልክ 12 ሊል ይገባል። ከዚያ ካሬዋ 10 እስክትል አሳንሺ። ብዛት ከመቁረጥሽ በፊት አንዷን በተራ ወረቀት ቆርጠሽ ክዳኑ ላይ አስቀምጪያት። ፋይሉን አራት ኪሎ ላለችው ጓደኛሽ ቆርጣ እንድታግዝሽ የምትልኪ ከሆነም ስሙ ላይ ልኬቱን ጻፊበት፣ «ክዳን 90 ሚሊ» ብለሽ፤ እሷ ስትከፍተው ሌላ ቁጥር ካየች ሳትቆርጥ ትደውልልሻለች።