ካፒታል ነው ስሞል? የዳታቤዝ ስሞች ጥያቄና መልስ

ቅዳሜ ከሰዓት አራት ኪሎ፣ በማኪያቶ ላይ የተነሳ ወሬ ነው። ልጆቹ ጠየቁ፣ እኔም የማውቀውን መለስኩ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ላፕቶፔ ላይ ልክ የሚሠራው ሰርቨር ላይ ሲወጣ "ቴብሉ የለም" ይለኛል። ቴብሉን (ዳታው የሚቀመጥበትን ሠንጠረዥ) ግን በዓይኔ እያየሁት ነው።

መልስ፦ ላፕቶፕህ ዊንዶውስ፣ ሰርቨሩ ሊኑክስ፣ ዳታቤዙ ማይ ኤስኪውኤል የሚባለው ነው አይደል? እኔም ጉድ ሆኛለሁ። ፒያሳ ለአንድ ወርቅ ቤት የዕቃ መቆጣጠሪያ ሠርቼ፣ ባለቤቱ ከጀርባዬ ቆመው ሳስነሳው ኤረሩ ተደረደረ። ቴብሉን "ኦርደርስ" ስለው መጀመሪያውን በካፒታል ጽፌ፣ ክዌሪው (ዳታውን የሚጠይቀው ትእዛዝ) ውስጥ ግን በስሞል ጠርቼዋለሁ። ማይ ኤስኪውኤል ለዳታቤዙ ፎልደር፣ ለቴብሉ ፋይል ይከፍታል። ሊኑክስ ካፒታልና ስሞሉን እንደ ሁለት የተለያየ ፋይል ነው የሚያየው። ዊንዶውስ ግድ የለውም። ጥፋቱ የዳታቤዙ ሳይሆን ከሥሩ ያለው ሲስተም ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ "ሎወር ኬዝ ቴብል ኔምስ" የሚባለውን፣ የቴብል ስም በካፒታልና በስሞል መለየት አለመለየቱን የሚወስነውን ሴቲንግ 1 (አይለይ) አድርጌ ብገላገልስ?

መልስ፦ ሰርቨሩን ሳትጭነው በፊት ቢሆን ኖሮ! ሊኑክስ ላይ 0፣ ዊንዶውስ ላይ 1፣ ማክ ላይ 2 ሆኖ ነው የሚመጣው። ከማይ ኤስኪውኤል ቨርዥን 8.0 ጀምሮ ግን ሰርቨሩ መጀመሪያ ሲዘጋጅ ካልወሰንክ በኋላ አይቀየርም፤ አልነሳም ይልሃል። ስሞቹን ሁሉ በስሞል አድርገህ ቀይራቸው። አንድ ማታ ይፈጅብሃል፣ ግን ትተኛለህ።

ጥያቄ፦ የኮለም (የቴብሉ ዓምድ) ስምስ?

መልስ፦ ማይ ኤስኪውኤል ላይ የኮለም ስም የትም ቢሆን አያስቸግርም። ለቴብል የምታወጣው አጭር ቅጽል ስም ግን ሊኑክስ ላይ ይለያያል። በካፒታል ሰይመህ በስሞል አትጥራው።

ጥያቄ፦ እኔ የምሠራው በፖስትግሬስ፣ በሌላው ዳታቤዝ ነው። ኮለሙን በካፒታል ጠራሁት፣ "የለም" አለኝ። ቴብሉን የፈጠረልኝ ፍሬምወርኩ (ፕሮግራሜን የምሠራበት ዝግጁ የኮድ ማዕቀፍ) ነው።

መልስ፦ እህቴ፣ ዋናው ጣጣ እዚህ ነው። ፖስትግሬስ በድርብ ጥቅስ ያልተከበበ ስም ሲያገኝ ዝም ብሎ ወደ ስሞል ይለውጠዋል። በጥቅስ የተከበበውን ግን እንዳለ ይይዘዋል። ፍሬምወርክሽ ስሙን ከካፒታሉ ጋር በጥቅስ አስገብቶታል። አንቺ ያለ ጥቅስ ስትጠሪው ወደ ስሞል ይወርድና ሌላ ስም ይሆናል። ካሁን በኋላ ዕድሜ ልክሽን ጥቅስ ልትጽፊ ነው፣ ወይም አንዴ ስሙን ትቀይሪና ትገላገያለሽ። የሚገርመው ኦራክል የሚባለው ዳታቤዝ ተቃራኒው ነው፤ ያልተጠቀሰውን ወደ ካፒታል ይወስዳል። የኤስኪውኤል (የዳታቤዝ መጠየቂያ ቋንቋው) ስታንዳርዱም የሚለው ካፒታል ነው። ፖስትግሬስ ነው በራሱ መንገድ የሄደው።

ጥያቄ፦ ሌሎቹ ዳታቤዞች፣ ኤስኪውኤል ሰርቨርና ኤስኪውኤላይትስ?

መልስ፦ የመጀመሪያው እንደ ዳታቤዙ ኮሌሽን (ፊደላት የሚነጻጸሩበት ደንብ) ነው፤ እሱን እይ። ኤስኪውኤላይት ካፒታልና ስሞል አይለይም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ በአማርኛ ብንሰይምስ? የእኛ ፊደል ካፒታል የለውም!

መልስ፦ እዚህ ጋ ጠረጴዛው በሳቅ ተናወጠ። ግን ይቻላል፤ ማይ ኤስኪውኤልም ፖስትግሬስም የግዕዝ ፊደል ይቀበላሉ፣ ያለ ጥቅስ እንኳ። ፖስትግሬስ ላይ አንድ ነገር አለ፦ ስም ከ63 ባይት አይበልጥም፣ አንድ ፊደላችን ደግሞ 3 ባይት ይወስዳል። ስለዚህ 21 ፊደል ነው ጣሪያህ፤ የተረፈውን ይቆርጠዋል። ደግሞ ካፒታል ባይኖረንም ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ አሉን። አንተ ቴብሉን በሐመሩ "ሒሳብ" ብለህ ትፈጥራለህ፣ ጓደኛህ በሃሌታው "ሂሳብ" ብሎ ይጠራዋል። ዳታቤዙም "የለም" ይላችኋል፤ ቅድም ወርቅ ቤቱ ውስጥ እንዳለኝ።