የልብ ችግር ይዘው ስለሚወለዱ ልጆች፦ ሲስተርን እንጠይቅ

ሲስተር፦ ባሕር ዳር በሕፃናት የልብ ክትትል የምሠራ ነርስ ነኝ። ጠይቁ። ብቻ የልጁ ከንፈርና ምላስ ከጠቆረ ቀጠሮ አትጠብቁ፤ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል።

ትዕግሥት፦ ልጄን ልቡን ያመዋል። ምን ላድርግ?

ሲስተር፦ እህቴ፣ በዚህ ብቻ ምን ልበልሽ? ዕድሜው? ክብደቱ?

ከሐሙሲት፣ አዋላጅ፦ ጤና ጣቢያችን ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) የለውም። በምን እንለይ?

ሲስተር፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር! ከ100 ሕፃናት አንዱ ገደማ የልብ ችግር ይዞ ይወለዳል። ሲወለዱ ግን ብዙዎቹ ደህና ይመስላሉ። የኦክስጅን መለኪያ ካላችሁ 24 ሰዓት ሲሞላው ቀኝ እጁን፣ ከዚያ አንድ እግሩን ለኩ። አንዱ እንኳ ከ90 በመቶ በታች ከሆነ ወዲያው ሪፈር። ከሁለቱ አንዱ 95 ካልደረሰ ወይም ልዩነታቸው ከ3 ከበለጠ ከአንድ ሰዓት በኋላ አንዴ ድገሙ። በድጋሚውም እንደዚያው ከሆነ ላኩት።

ልቡ ውስጥ ቀዳዳ ብቻ ያለበትን ግን መለኪያው ላያሳይ ይችላል። እሱ የሚታወቀው በኋላ ነው። ስለዚህ በ6ኛው ሳምንት ለክትባት ሲመጣ እናቱን ጠይቋት፦ ሲጠባ ያልበዋል? ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል? ክብደት አልጨምር ብሏል? ትልቅ ቀዳዳ ዓመታት ከቆየ የሳንባ ደም ሥሮች ይጎዳሉ። ያኔ ቀዶ ሕክምናው ራሱ አይቻልም።

ሌላው መዝገብ ነው። ሁለት ስልክ ጻፉ፤ አንዱ የጎረቤት ይሁን። ለቀዶ ሕክምና ተራ ደርሷት ስልኳ ዝግ የሆነባትን ልጅ አልረሳትም።

አበበ፦ ቀዶ ሕክምናው ስንት ያስከፍላል?

ሲስተር፦ የሚላክበት ቦታ ይነግርሃል።

ደሳለኝ፦ 560 ኪሎ ሜትር አዲስ አበባ ድረስ ለምን? አንድ ሐኪም ይምጣና እዚሁ ይሠራ!

ሙሉ፦ ደሳለኝ፣ ሐኪም ብቻውን ምን ያደርጋል? ማሽኑን ማን ያንቀሳቅሳል?

ደሳለኝ፦ ሁልጊዜ ሰበብ አይጠፋም!

ሲስተር፦ ሙሉ ልክ ነች። ማደንዘዣ፣ በቀዶ ሕክምናው ጊዜ ልብና ሳንባን የሚተካው ማሽን ባለሙያ፣ ደም ባንክ፣ ሌሊቱን የማይተኛ የጽኑ ሕሙማን ነርስ ይፈልጋል። እኔም እዚሁ ቢሆን ደስ ይለኛል። እስከዚያው ግን ልጆቹ እንዳይጠፉብን እናድርግ። አሁን ወደ ጥያቄው።

ጌታቸው፦ ኢኮ በሌለበት እንዴት ይለያል?

ሲስተር፦ ወንድሜ፣ ከላይ ጽፌዋለሁ። አንብበው።

ትዕግሥት፦ ሲስተር፣ 4 ወሩ ነው። 4 ኪሎ ብቻ ነው። ሲጠባ ያልበዋል፣ እየተወ ያርፋል።

ሲስተር፦ አሁን ገባኝ። ነገ በጠዋት ይዘሽው ነይ። የክትባት ካርዱን አትርሺ። ሌሊት ከንፈሩ ከጠቆረ ግን እስኪነጋ አትጠብቂ።