በድንጋይ መደብ ላይ ምን ይበቅላል? ለደብረ ማርቆሷ ጠያቂ

እታለም፣ ጥያቄሽን አየሁት። ደብረ ማርቆስ ነሽ። ግቢሽ ተዳፋት ነው። ቤት ሲሠራ የተረፈው ጥቁር ድንጋይ ከድጋፍ ግንቡ አጠገብ ተከምሯል፤ በእሱ የተራራ ተክል የሚበቅልበት የድንጋይ መደብ መሥራት ትፈልጊያለሽ። አክስትሽ ከስዊዘርላንድ የኤደልቫይስና የጄንቲያን፣ የሁለት የአልፕስ ተራራ አበቦች፣ ዘር አምጥተውልሻል። ከጮቄ ተራራም ጅብራ ነቅለሽ ብታመጪ ደስ ይልሻል። «ብርዱ ይበቃቸው ይሆን?» ነው ያልሽው።

ብርዱን ለጊዜው ተይውና ስለ ክረምቱ ውሃ እናውራ። የተራራ ተክል ጎጃም ላይ የሚሞተው ሐምሌና ነሐሴ ላይ ነው። አልፕስ ላይ ያለ ተክል ለወራት በረዶ ለብሶ ይተኛል። በረዶው ሲቀልጥ ይነቃል፤ ውሃውም በድንጋይ መሃል ሾልኮ ይሄዳል። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ እንቅልፍ የለም። ቀኑ ፀሐይ፣ ሌሊቱ ብርድ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ። ከዚያ ክረምት ይገባና አፈሩ ሳይቀዘቅዝ ለሦስት ወር ይረጥባል። ግንዱ ከሥሩ የሚገናኝበት አንገቱ እርጥብ ከከረመ ይበሰብሳል። ቅጠሉ ላይ ምልክት ስታዪ ነገሩ አልቋል።

ስለዚህ ዘሩን ሳትነኪ ጉድጓድ ቆፍሪ። እስከ ጉልበት ይጥለቅ። ማታ ውሃ ሙይውና ጠዋት እዪው። ውሃው ካለ ዋልካ ላይ ነሽ፤ መደቡን ከመሬት በላይ ማንሳት አለብሽ፤ ግማሽ ሜትር ያህል። ቀይ አፈር ከሆነ ይሻላል፤ እሱም ቢሆን ጠጠር ይፈልጋል። ከታች ስባሪ ድንጋይና የጡብ ፍርስራሽ አንጥፊ። ከላይ አንድ እጅ አፈር፣ አንድ እጅ የበሰበሰ ቅጠል፣ ሁለት እጅ የወንዝ አሸዋና ደቃቅ ጠጠር አዋህደሽ አልብሺው። ግንበኞች ሬድ አሽ የሚሉትን ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር ካገኘሽ እሱን አስበልጪ። ቀዳዳ ስለሆነ ትንሽ እርጥበት ይይዛል፣ የቀረውን ይለቃል። ፍግ አታስገቢ! ፍግ የጠጣ የተራራ ተክል ይመዘዝና ይንጋደዳል። ለጎመን ያለሽን ፍቅር እዚህ አታምጪው።

አንድ ነገር ደግሞ፦ መደቡን ስትቆልዪ የድጋፍ ግንቡን የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች እንዳትደፍኚ። ክረምት ላይ ከኋላው ውሃ የያዘ ግንብ ይወድቃል።

ድንጋይ አቀማመጥ ላይ ሰው ይቸኩላል። በየሆቴሉ ደጅ የምታዪው ድንጋይ ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ ኖራ ተቀብቶ፣ መሃሉ ላይ አንዲት ጽጌረዳ ናት። ያ ለዓይንም ለተክልም አይሆንም። ትልልቁን ድንጋይ ከግማሽ በላይ ቅበሪው። ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ይተኛ፣ ከመሬት የወጣ አለት እንዲመስል። አናቱ ወደ ኋላ፣ ወደ ተዳፋቱ ትንሽ ይዘንበል። ያኔ ካፊያው ከድንጋዩ ወርዶ ሥር ያለበት ይገባል እንጂ አፈሩን ጠርጎ አይሄድም። በድንጋይና በድንጋይ መካከል ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ተዪ፤ ምርጡ የመትከያ ቦታ እሱ ነው። የካቲት ላይ መሬቱ ሁሉ ተሰነጣጥቆ ሳለ አንድ ትልቅ ድንጋይ ገልብጠሽ እዪ። ከሥሩ አፈሩ ገና ቀዝቃዛና እርጥብ ነው፤ ነጫጭ ሥሮች ከድንጋዩ ሆድ ላይ ተለጥፈው ታገኛለሽ። ተክሉ በጋውን የሚያልፈው በዚያ ነው።

ድንጋይ ከማስቀመጥሽ በፊት ግን ሰርዶውን ከነሥሩ ልቀሚ። አንዴ ድንጋይ ሥር ከገባ መደቡን ሁሉ አፍርሰሽ ካልሆነ አታወጪውም።

ፀሐዩ ላይ የውጭ መጽሐፍን አትከተዪ። እነሱ ሰሜን በኩል ጥላ ነው ይላሉ፤ ለእነሱ እውነት ነው። ደብረ ማርቆስ ላይ ግን ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ አጋማሽ አልፎ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ናት። ከዚያ በኋላ ወደ ደቡብ ትዞራለች። ስለዚህ የድንጋዩ ሰሜን ጎን በክረምት ፀሐይ ያገኛል፣ በበጋ ጥላ ይሆናል። ለተራራ ተክል ከዚህ የተሻለ ምን አለ? እርጥበት በበዛበት ወቅት ይደርቃል፣ ሐሩሩ ሲመጣ ይቀዘቅዛል። ምሥራቅም ጥሩ ነው። ክረምት ላይ ጠዋቱ ብራ፣ ከሰዓት ደመና የሚሆንበት ቀን ስለሚበዛ ያለችውን ፀሐይ የሚያገኘው ምሥራቁ ነው።

አሁን ወደ ተክሉ። መጀመሪያ ጅብራን ተይው። ከተማው 2,450 ሜትር ግድም ነው፣ የጮቄ አናት ከ4,000 ሜትር በላይ። በየ100 ሜትሩ ሙቀቱ 0.6 ዲግሪ ያህል ስለሚቀንስ የሁለቱ ልዩነት ወደ 10 ዲግሪ ይጠጋል። ጅብራ የውርጭ ልጅ ነው። ማታ ቅጠሉን ወደ ላይ ሰብስቦ መሃል ያለውን እምቡጥ ይሸፍናል፣ ጠዋት ይከፍታል። ለረጅም ዓመት ካደገ በኋላ አንዴ ብቻ አብቦ፣ ዘሩን በትኖ ይሞታል። አንዱን ሳያብብ ነቀልሽ ማለት ዘሩንም አብረሽ ነቀልሽ ማለት ነው። ግቢሽ ውስጥም አይድንም። በሮብ ገበያ በኩል ውጪና እዚያው እዪው፤ መንገዱም ደስ ይላል።

ከጮቄ የሚሆንሽ ጦስኝ ነው። በገበያ ለሻይና ለወጥ የሚሸጠው ያው ጦስኝ። የኢትዮጵያ ደጋ ብቻ ተክል ነው። መንገድ በተቆረጠበት ገደል ላይ ጠጠሩን አቅፎ ተኝቶ ታዪዋለሽ፤ ከዚያ በላይ አስተማሪ የለም። ክረምቱ ሲያልቅ ጎረቤት ካለው ላይ ጣት የምታክል ቅርንጫፍ ቁረጪ። የታች ቅጠሉን ገፈሽ እርጥብ አሸዋ ውስጥ ጥላ ሥር ሰኪው። ሥር ሲይዝ ስንጥቅ ውስጥ አስገቢው። ሲያብብ ንቡ አያስቀምጥሽም።

የደጋው እሬትም አለ፤ አለት ላይ በሳሳ አፈር የሚኖር ስለሆነ ለላይኛው ጠርዝ ይሆናል። እንዳሁላ ደግሞ ቦታ ከሰጠሽው ሁሉን ይወርሳል፤ ጥግ ላይ ብቻ።

የውጭ ተክል ስትመርጪ የሚጠየቀው ነገር አገሩ ዝናብ መቼ ይዘንባል የሚለው ነው። የሜክሲኮ ደጋ ዝናቡ እንደኛው በሰኔ፣ በሐምሌና በነሐሴ ነው፤ በጋውም ደረቅ። ስለዚህ ከዚያ የመጣው ቅጠለ ወፍራሙ ኤቼቬሪያ እዚህ ብዙ አይቸገርም፣ የኛ በረዶ ቅጠሉን ከመብሳቱ በቀር። ከደቡብ አፍሪካና ከሌሶቶ የድራከንስበርግ ተራሮች የመጣው ዴሎስፐርማም በሙቁ ወቅት ዝናብ የለመደ ነው። ውሃ በቅጠላቸው የሚያጠራቅሙት ሴደምና ሴምፐርቪቨም ጠንካራ ናቸው፤ ጠጠር ብቻ ስጫቸው። ላቬንደር ግን በሙቅ ወራት ድርቅ የለመደ የሜዲትራንያን ተክል ስለሆነ የኛን ሐምሌ አይወደውም። የግድ ካልሽ ከመደቡ አናት ላይ፣ ውሃ ቶሎ በሚሸሽበት።

ወደ አክስትሽ ዘር። ከሁለቱ የተሻለ ተስፋ ያለው ኤደልቫይስ ነው። የኖራ ድንጋይ ስለሚወድ፣ ወደ ደጀንና ዓባይ በረሃ የሚሄድ ሰው ካለሽ ጥቂት ስባሪ አስመጪና ከጠጠሩ ጋር ቀላቅዪ። ነጩ ጠጉሩ ውሃ ይይዛል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ከላዩ መስታወት ወይም ግልጽ ፕላስቲክ አድርጊለት፤ ጎኑ ግን ክፍት ይሁን፣ ነፋስ ይግባ። አፈሩ ከሰባ ወይም ጥላ ከበዛ ጠጉሩን ይጥልና አረንጓዴ ሣር ይሆናል። ጄንቲያን ግን በአገሩም አመለኛ ነው። አንዱ ግቢ ይፈነዳል፣ ጎረቤቱ አንድ አበባ አያይም። በሸክላ ድስት ሞክሪው እንጂ መደቡን በእሱ ተስፋ አትሥሪ። ዘመዱ ስዌርሺያ በደጋችን ረግረግ ዳር እንደልቡ ይበቅላል፤ እሱን ያየ ሰው ብዙም አይቆጭም።

ሁለቱንም ዘር ነሐሴ ላይ በእርጥብ አሸዋ አድርገሽ ፍሪጅ ውስጥ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት አቆዪ። የበረዶ ሳጥኑ ውስጥ አይደለም፣ ከታች። መስከረም መጨረሻ ላይ ከታች በተበሳ ድስት ዝሪ፤ ያኔ ችግኙ ሌላ ክረምት ሳይመጣበት ብዙ ደረቅ ወራት ያገኛል። የኤደልቫይስ ዘር ብርሃን ይፈልጋልና አፈር አታልብሺው። ከላይ አታፍስሺ፣ ድስቱን ውሃ ውስጥ አስቀምጠሽ ከታች ይጠጣ። ግማሹን ዘር ደግሞ በደረቁ ፍሪጅ ውስጥ አስቀሪ፤ የዘንድሮው ባይሳካ ለከርሞ ይሆንሻል።

የጉድጓዱን ነገር ሞክረሽ ጻፊልኝ። ግንቡ ወደ የት እንደሚያይም ንገሪኝ፤ ወደ ምዕራብ ከሆነ አንዳንዱን እቀይርልሻለሁ።